ለሚዛን የተጠረበ አልማዝ

የወርቅ ሥራ ሱቄን ከዘጋሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዛሬ መቱ ገበያው ጥግ ወፍጮ ቤት አለኝ። ከድንጋይ ጋር አልተለያየንም ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው ድንጋይ በቆሎ ይፈጫል እንጂ ቤተ ዘመድ አያፋጅም። ሙያ የለወጥኩት ዓይኔ ስለ ደከመ ነው። ይህን ግን መቱ ውስጥ የሚያምን የለም። አንዱ አልማዝ አተኩሮ ሲያይ ዓይኑ ተቃጠለ ይላል፤ ሌላው ሀብቱን ዱቄት ውስጥ ሊደብቅ ነው ይላል። ሀብቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ለእኔም ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሰው ግን አልተወኝም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ በቆሎውን አስፈጭቶ ሲያበቃ ከደረት ኪሱ መሐረብ አወጣ፤ ከመሐረቡ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ጥጥ፣ ከጥጡ ቀለበት።

«ጋሼ ላቀው፣ ለእጮኛዬ ልገዛት ነው። ስንት ግራም ትሆናለች?»

«ወርቁን ነው ድንጋዩን?»

«ድንጋዩን ነዋ! አልማዝ ናት እኮ! ከበድ ትላለች?»

ፊቴ፣ ቅንድቤ፣ ጢሜ ሁሉ ዱቄት ስለነበር መገርጣቴን አላየም። በሥራ ዘመኔ ይህን ጥያቄ ሠላሳ ሺህ ጊዜ ተጠይቄአለሁ፤ ሃያ ዘጠኝ ሺሁን የጠየቁኝ ኦቦ ደበላ ብቻቸውን ናቸው፤ ስለ እሳቸው እደርሳለሁ። «ጋሼ፣ የዚህ ድንጋይ አጠራረቡ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፤ ያም እጅ ጣት የጎደለው ነው።

እንግዲህ ጉሮሮዬ ከወፍጮው ጩኸት ጋር ከሚታገል አንዴ ልጻፈው። ማንበብ የሚችል ያንብብ፣ የማይችል ያስነብብ። ከዚያ በኋላ «ስንት ግራም ነው» የሚለኝን ሰው ከነመሐረቡ ወፍጮው ውስጥ እጨምረዋለሁ።

ሙያውን የጀመርኩት ጎሬ ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ገበያው እንደገና ሲያንሰራራ፣ ሙሴ ዲክራን የሚባሉ አርመን ወርቅ ሠሪ ረዳት ፈለጉና እኔ ገባሁ። እናቴ ሦስት ቀን አለቀሰች።

«የመንዝ ሰው ልጅ ቀጥቃጭ ሊሆን! ነገ ቡዳ ነው ቢሉህ ማን ልጁን ይድርልሃል?»

እውነቷን ነበር። ወሬው ከጎሬ አልፎ ኡካ ከተማ ድረስ ደርሶ፣ ገበያ ላይ እናቶች ሲያዩኝ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ዓይኔ የሚበላ ቢሆን ኖሮ በዚያን ጊዜ ባልተራብኩ። ደመወዜ በወር በወር ነበር የሚከፈለው፤ የትኛው ወር እንደሆነ ግን እኔና ሙሴ ዲክራን ተስማምተን አናውቅም።

ሙሴ ዲክራን አማርኛ ሲናገሩ ግማሹ ፍጥረት «እሷ» ነው። መዶሻውም እሷ፣ የአውራጃው ገዥም እሷ። እንደ እሳቸው አልማዝ የሚይዝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። የሚሠሩበት መስኮት ፀሐይ በማትመታው በኩል ነበር። ድንጋይ ሲመጣላቸው መጀመሪያ በሳሙና ያጥቧታል፣ ቀጥሎ በአረቄ ያለቀልቋታል። የተረፈው አረቄ የት እንደሚገባ አላነሳም። ከዚያ በነጭ ወረቀት እጥፋት ውስጥ በጎኗ ያስተኟታል።

«ፊቷን አትይ» ይሉኛል። «ፊት ሁሉም ይስቃል። መጀመሪያ ሆዷን እይ።»

አልማዝ ተጠርቦ ሲያበቃ ከላይ ጠፍጣፋ ግንባር አለው፤ በመካከል ቀጭን ወገብ፤ ከታች ደግሞ እየሾለ የሚወርድ ሆድ። ሰው ግንባሩን አይቶ ይገዛል፤ ሥራው ሁሉ ያለው ግን ሆዱ ላይ ነው። ሙሴ ዲክራን ይህን ያስተማሩኝ በሣር ቤት ነው።

«ቤት ትሠራለህ። ኢሉባቦር ዝናብ ብዙ። ጣራዋን አስተኝተህ ብትሠራ?»

«ታፈሳለች።»

«በጣም ብታቆማት?»

«ሣሩ ይንሸራተታል።»

«እሷም እንደዚያ ናት። ብርሃን እንግዳ ነው። በፊት በር ገባ፣ አንዱን ግድግዳ ነካ፣ ሌላውን ግድግዳ ነካ፣ በፊት በር ተመልሶ ወጣ። ያን ጊዜ ሰው ‹እሳት!› አለ። ሆዷ ጠፍጣፋ ከሆነ እንግዳ በጓሮ ሾለከ። ሆዷ ትልቅ ከሆነ በጎን አመለጠ፣ መካከሏ ጨለመ። እንግዳ የሚጠፋበት ቤት ምን ቤት ነው?»

«የሌባ ቤት» እላለሁ።

«ጎበዝ። አሁን ውሃ አምጣ።»

ሆዷን አይተው ሲያበቁ ያቀኗትና ወረቀቷን ይዘው በቀስታ ያወዛውዟታል። ጥሩ የተጠረበች ድንጋይ በተወዛወዘች ቁጥር ብርሃኗ ከዚህ ጠፍቶ ከዚያ ይነቃል፤ አንድም ቦታ እንደ ተኛ አይቀርም። ክፉ የተጠረበችው ግን ምንም ብትነቀንቃት መካከሏ ላይ የማይነቃ ጥቁር ነገር አላት። ይህንም የሚያዩት ጥላ ውስጥ ነው። «ሻጭ መብራት ካበራልህ አንተ ወደ ውጭ ውጣ» ይሉ ነበር። «ፀሐይ ላይም አታያት። ፀሐይ ላይ የጠርሙስ ስባሪም ንጉሥ ናት። ጥላ ውስጥ የምትስቀውን ግዛ።»

ፍርዳቸውን በአፋቸው አይናገሩም። ድንጋይዋን ከወደዷት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከጠሏት ባርኔጣውን እስከ ጆሯቸው ድረስ ይደፉታል። የጎሬ ሰው ይህን አውቆ ስለነበር፣ ደንበኛው ድንጋዩን ትቶ ባርኔጣውን ነበር የሚያየው። ሚዛን የሚወጣው ከሁሉ በኋላ ነው። «ሚዛን መጨረሻ! መጀመሪያ ውደዳት፣ ከዚያ መዝናት።»

ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። ዳዊትን እንኳ እንዲህ አልደገምኩም። ሰው ግን የሚረሳው በቃሉ ያጠናውን መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ከሙሴ ዲክራን ስለያይ ሳጥኔን በበቅሎ ጭኜ ገበያ ለገበያ ዞርኩ። ኖፓ ላይ አንድ ሰው በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ብናኝ አምጥቶ እፊቴ ዘረገፈ። እውነተኛ አልማዝ በመዶሻ አይሰበርም ሲባል ሰምቶ፣ የሚስቱን ቀለበት ድንጋይ በድጅኖ ሞክሮት ነው።

«አልማዝ ነው አይደለም?» አለኝ።

«እስከ ትናንት ነበር» አልኩት።

አልማዝ ይቧጭራል እንጂ አይቧጨርም፤ በመዶሻ ግን ይደቅቃል። ይህን ብነግረው «ታዲያ ምኑ ነው ጠንካራ?» ብሎ ተቆጣኝ። እንደ እኔ ጥፋት!

መቱ ላይ ሱቅ የከፈትኩት ቡና ዋጋ ባወጣበት ዘመን ነው። ቡና የሸጠ ሰው መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣራ፣ ቀጥሎ ራዲዮ፣ ቀጥሎ ከጎረቤቱ ጋር ክስ፣ ከዚያ አልማዝ ይገዛ ነበር። እኔን ዕድሜዬን ያሳጠረኝ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአቶ ኢተፋ ልጆች ጉዳይ።

አቶ ኢተፋ ደህና ቡና ነጋዴ ነበሩ። ከጋምቤላ ንግድ ለቅቆ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝተው ጣታቸው ላይ ያደረጉት አንድ ትልቅ የአልማዝ ቀለበት ነበራቸው። ሲሞቱ የተዉት ቤት፣ ቡና መሬት፣ የሟች ሚስታቸውን የወርቅ አምባርና ያንን ቀለበት ነው። ወራሾቹ ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው። ታላቂቱ እትዬ ጫልቱ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አባታቸውን ሁለት ዓመት ያስታመሙ። ታናሺቱ አያንቱ፣ የአስተማሪ ሚስት። ጓሯቸው በአንድ አጥር የተያያዘ ሲሆን፣ በአጥሩ መካከል እሳትና ጨው የሚቀባበሉበት ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ውርሱን ለማካፈል ሽማግሎች ተቀመጡ። የበላያቸው ኦቦ ደበላ ናቸው፤ ትልቅ ቡና ገዢ፣ ድምፃቸው የሶርን ፏፏቴ ዝም የሚያሰኝ፣ በዓለም ላይ የማይመዘን ነገር የለም ብለው የሚያምኑ። መሬቱ በገመድ ተለካ። አምባሩን እኔ ከሁለት ቆርጬ በሚዛን አካፈልኩ፤ በፀጉር እንኳ አልተበላለጠም። ሁሉም መረቁኝ። ከዚያ ኦቦ ደበላ ቀለበቱን ወረወሩልኝ።

«በል ድንጋዩንም ቁረጠው።»

«ኦቦ ደበላ፣ አልማዝ እንደ ወርቅ አይቆረጥም።»

«ወርቅ ስትቆርጥ አይተንሃል። ይኼኛው ምን ስለሆነ ነው?»

«ቢከፈል ሁለት ግማሽ አልማዝ አይሆንም፤ ሁለት ስባሪ ነው የሚሆነው። የጠራቢው ሥራ ሁሉ ይፈርሳል።»

«በግ ሲታረድ ሁለት ጎን ሥጋ ይወጣዋል። እግዜር የፈጠረው በግ እኩል ይካፈላል፤ የፈረንጅ ድንጋይ ሊኮራብን ነው?»

ሽማግሎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ከቀኑ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተከራከርኩ፤ ኋላ ጉሮሮዬ ሲዘጋ በእጄ ምልክት ነበር የምከራከረው። በመጨረሻ ድንጋዩን አዲስ አበባ ወስጄ በሁለት ትንንሽ አልማዝ እንድለውጠው ተስማማን።

«ግን እኩል!» አሉ ኦቦ ደበላ።

«እኩል ሲሉ ኦቦ ደበላ፣ አጠራረቡም...»

«በሚዛን ነዋ! ማሎ፣ እባክህ፣ ሌላ ምን እኩል አለ?»

እዚያ ላይ መነሣት ነበረብኝ። ቆሜ፣ እንግዳውንና የሣር ቤቱን ነግሬ፣ አልቀበልም ማለት ነበረብኝ። ግን ደከመኝ። በሥራ ዘመኔ የፈጸምኩት ትልቁ ጥፋት የተጀመረው በድካም ነው፤ ሰው ሞኝ ሲሆንብህ አንድ ቀን ትደክምና አብረኸው ትሞኛለህ።

በቡና መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በበደሌና በጅማ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ። አቧራው ከመብዛቱ የተነሣ ሹፌሩ ስወርድ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የሄድኩበት የድንጋይ ነጋዴ ሱቅ ጥቁር ከፋይ የለበሰ ጠረጴዛ ነበረው፤ ከጠረጴዛው በላይ የኤሌክትሪክ መብራት እንደ ሐምሌ መብረቅ ይፋጃል። ነጋዴው ልዝብ ነው። ሻይ አስመጣልኝ፤ አንድ አልማዝ አሳየኝ፤ በደንብ አየሁት፣ ጥሩ ነው። ሁለተኛውን አወጣ። የሚመለሰው መኪና ደግሞ ሰባት ሰዓት ላይ ይነሣል።

ትንሿን ሚዛኔን ከኪሴ አውጥቼ አንዱን በአንደኛው ሳህን፣ ሌላውን በሌላኛው አደረግኋቸው። እያንዳንዳቸው ከአንድ የቡና ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ሚዛኑ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። ትክክል! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኦቦ ደበላ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ሁለተኛውን ድንጋይ በጎኑ አላስተኛሁትም። ሆዱን አላየሁም። ከመብራቱ ሥር ወደ ደጅ አሥር እርምጃ ነበር፤ አልተራመድኩም። የአቶ ኢተፋን ድንጋይ ሰጥቼ፣ እንደ ሞኝ ደንበኞቼ ሁሉ መዝኜ ገዛሁ።

ሁለት ቀለበት ሠራሁ፤ አንድ ዓይነት ወርቅ፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ መያዣ ጥፍር። በኦቦ ደበላ ፊት ተመዘኑ፣ እኩል ናቸው ተባለ፣ ተጻፈ፣ ተፈረመ። እህትማማቾቹ ተሳሳሙ።

ጣጣውን ያመጣው መስቀል ነው። ሰማዩ ገና ደመና አልለቀቀውም፤ ሙሴ ዲክራን ቢያዩት «ጥሩ ብርሃን» የሚሉት ቀን። እትዬ ጫልቱና አያንቱ ደመራው ዘንድ ጎን ለጎን ቆመው፣ እጃቸውን ለጸሎት ሲያነሡ፣ የአያንቱ ጣት ላይ እሳት ነደደ፤ የእትዬ ጫልቱ ጣት ላይ ግን አንድ ጥቁር ነጥብ አፈጠጠ። አንዲት ወሬኛ ጎረቤት ጠጋ ብላ፣ «ጫልቱ፣ የአያንቱ ይስቃል፤ ያንቺ ለቅሶ ላይ ነው እንዴ?» አለቻቸው። እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ቀን በኋላ አላወጡትም።

በማግስቱ ሱቄ መጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«አባቴን ሁለት ዓመት ያገላበጥኩት እኔ ነኝ፣ አይደለም?»

«እውነት ነው፣ እትዬ ጫልቱ።»

«ሲሞት እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አያንቱ ባሏ ቤት ነበረች። ታዲያ ለእሷ ኮከብ፣ ለኔ የታረደ በግ ዓይን የሰጠኸኝ ማን አዝዞህ ነው? ባሏ ምን ሰጠህ?»

«ማንም ምንም አልሰጠኝም! ሁለቱም በሚዛን እኩል ናቸው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከገዛ አፌ የኦቦ ደበላ ድምፅ ወጣ። ምላሴን በጉጠት ነቅዬ እፊቴ ላስቀምጣት ቃጣኝ። ቀለበቱን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ወሰድኩ፣ በጎኑ ያዝኩት። ወገቡ እንደ ሙክት ወፍራም፣ ሆዱ እስከ ጉልበቱ። ክብደቱ ሁሉ ያለው ወርቁ ውስጥ በሚደበቀው በኩል ነው፤ እንግዳው ይገባል፣ በጎን ያመልጣል፣ መካከሉ ጨለማ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። «የእህትዎ እጅ የለበትም።»

አላመኑኝም። በዚያው ሳምንት የአጥሩ ቀዳዳ በእሾህ ተዘጋ። አያንቱ እያለቀሰች መጣች።

«ጋሼ ላቀው፣ የኔን ይስጧት፤ የእሷን እኔ ላድርገው።»

ወስጄ ብሰጣቸው እትዬ ጫልቱ ወደ በሩ አመለከቱኝ። «ምጽዋት ከታናሼ አልቀበልም።» ሽማግሎቹ ዘንድ ሮጥኩ። ኦቦ ደበላ የተፈረመውን ወረቀት አወጡ። «እኩል ነው ይላል። ፈርመሃል። ዓይንን ማን ይመዝናል?»

ያለኝ ተስፋ ጎሬ ነበር። ሙሴ ዲክራን አርጅተው አልጋ ላይ ውለዋል። ድንጋዩን ከጥፍሩ ነቅዬ በነጭ ወረቀት አቀረብኩላቸው። በጎኑ አዩት። ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አወረዱና፣ ተኝተው እንዳሉ፣ እስከ ጆሯቸው ደፉት።

«እሷ ጥሩ ድንጋይ ናት» አሉ ከባርኔጣው ሥር። «ጥራት አላት። የጠረባት ሰው ስግብግብ ነው፤ ክብደት እንዳይቀንስ ብሎ ሆዷን ተወላት። ለሚዛን ጠረባት። ለሚዛን የተጠረበች ድንጋይ ማን ይገዛታል?»

ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«ማን ይገዛታል?»

«እኔ፣ ሙሴ።»

«እንደገና ትጠረብ። ትቀንሳለች። ከስድስት አንድ እጅ ትቀንሳለች። ግን ትነቃለች። መጀመሪያ ለባለቤቷ ንገር፣ ለዚያ ለሚጮኸውም ሰውዬ ንገር።»

ነገርኩ። ለእትዬ ጫልቱ ነገርኩ፤ «የባሰ አይመጣም» ብለው ፈቀዱ። ለኦቦ ደበላ ሦስት ቀን እየተመላለስኩ ነገርኩ፤ «ኤዬ፣ ኤዬ፣ ይቀንሳል፣ ገብቶኛል» አሉ። ድንጋዩ በሙሴ ዲክራን ዘመዶች እጅ ባሕር ማዶ ተሻገረ። በማን ወጪ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በቅሎዬ ግን ከዚያ ወዲህ አልታየችም።

አምስት ወር ሙሉ ወሬ በላኝ። ላቀው አልማዙን ሸጦ ካርቱም ቤት ገዛ አሉ። ሰባት ቤት ነው አሉ። እኔ ካርቱምን በፖስታ ካርድ እንኳ አላየሁም! እትዬ ጫልቱ ባዶ ጣታቸውን ደብቀው በቤተ ክርስቲያን በአንዱ በር ሲገቡ፣ አያንቱ በሌላው በር ትወጣለች። አያንቱ ልጅ ወለደች፤ እትዬ ጫልቱ ለአራስ ጥየቃ አልሄዱም። ይህን ስሰማ ቀልድ ጠፋብኝ። እኔ አሥር እርምጃ ወደ ደጅ ስላልወጣሁ ነው እኮ፣ አንድ ልጅ አክስት ሳያይ ዓይኑን የከፈተው።

ድንጋዩ ሲመለስ ሙሴ ዲክራን ጎሬ መቃብር ገብተው ነበር። ጥቅሉን ብቻዬን በሱቄ መስኮት ፈታሁት። በሳሙና አጠብኩ፣ በአረቄ አለቀለቅሁ፣ በጎኑ አስተኛሁ። ሆዱ ወደ ልኩ ተመልሷል። አቀናሁትና ወረቀቱን አወዛወዝኩ። ከዚህ ጠፋ፣ ከዚያ ነቃ፤ ከዚያ ጠፋ፣ ከዚህ ነቃ። ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆምኩ አላውቅም፤ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ነበር።

ቀለበቱን ሠርቼ ስጨርስ ሽማግሎቹ በኦቦ ደበላ ቡና መጋዘን ተሰበሰቡ። እትዬ ጫልቱ በአንድ በኩል ቡና ጆንያ ላይ፣ አያንቱ በሌላ በኩል ሕፃኑን ለባሏ ሰጥታ። ኦቦ ደበላ የእኔኑ ትንሽ ሚዛን ነጥቀው ሁለቱን ቀለበቶች ጫኑ። የእትዬ ጫልቱ ሳህን ወደ ላይ ተነሣ።

«ጎደለ!» መጋዘኑ ተናወጠ። «ሌባ! በዓይናችን!»

«ኦቦ ደበላ፣ ይቀንሳል ብዬ ሦስት ቀን ነግሬዎት የለም?»

«ብለሃል፤ በሚዛን ላይ ይቀንሳል ግን አላልክም!»

«በሌላ በምን ላይ ይቀንሳል? በራዲዮ ላይ?»

«ትሳለቃለህ! ይኼ ለፖሊስ የሚቀርብ ነው። አያንቱም ብልጫውን ለእህቷ ትክፈል፤ ፍርዱ ይኼ ነው።»

እዚህ ላይ ሃያ ዓመት የተጠራቀመው ንዴቴ ገነፈለ። ሚዛኑን ከእጃቸው ቀማሁ። «እግዜር ዓይን የሰጣችሁ ለምንድን ነው? ጆንያ ለማየት ነው? አንዴ እዩት! አንዴ! ከዚያ እሰሩኝ!» ቀለበቶቹን ለባለቤቶቻቸው ሰጠሁና ሁሉንም ገፋ ገፋ አድርጌ ከመጋዘኑ ደጅ፣ ክዳኑ ጥላ ወደሚጥልበት አወጣኋቸው።

«ጎን ለጎን ካልሆነ አይለይም» አልኩ።

ሁለቱ ሴቶች እያንገራገሩ ተጠጉ። ከመስቀል ወዲህ እንዲህ አልተቀራረቡም። አያንቱ እጇን ዘረጋች። እትዬ ጫልቱ ከነጠላቸው ውስጥ የራሳቸውን አወጡ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለአልማዝ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ሁለቱም ጣት ላይ እሳት ነደደ። ሽማግሎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። አንዱ ቄስ «የትኛው ነው የጎደለው?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ጫልቱ ቀና ብለው እህታቸውን አዩ። «ልጁ ማንን መሰለ?» አሉ።

«አባዬን» አለች አያንቱ።

ኦቦ ደበላ ግን ፍርድ ጀምረዋል። «ጫልቱ፣ ቀለበቱን አውልቂ። ታሽጎ ለፖሊስ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመዘናል።»

«አላወልቅም።»

«ሳይመዘን እንዴት ይሆናል?»

«መመዘን ነው የፈለጋችሁት? ከነእኔ መዝኑት!» ብለው እትዬ ጫልቱ ወደ መጋዘኑ ተመለሱና፣ የቡና ጆንያ የሚቆምበት ትልቁ ሚዛን ላይ ወጥተው ቆሙ። አያንቱ ተከትላቸው ወጣች። «የእኔም ይጨመር!» ብላ ከወገባቸው አቀፈቻቸው። ሁለቱም እየሳቁ ነው መሰለኝ፤ ኋላ ሳይ ግን ያለቅሱ ነበር።

ኦቦ ደበላ ሚዛናቸው ላይ የወጣን ነገር ሳያነቡ ማለፍ አይችሉም። ጠጋ ብለው ብረቱን ገፉት፣ መለሱት፣ ዝቅ ብለው አዩት። ጸሐፊያቸው እስክሪብቶውን እንደ ያዘ፣ «ኦቦ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አላቸው።

ኦቦ ደበላ የሁለቱን እህትማማቾች እንባ አዩ፤ ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቡና አቅራቢ ገበሬ ላይ የፈረዱትን ፍርድ ፈረዱ።

«ሰባት ፈረሱላ» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ። «እርጥብ ስለሆነ ግን ግማሽ ቀንስ።»